የኮልፌዋ ንፋስ ሌባ

ፈቲያ፣ መጀመሪያ ይሄን ጻፊ፤ አውራ ጣቶቼ እምቢ አሉኝ። ሌላ ምንም አልሆንኩም። ዓይኔ ያያል፣ ጆሮዬም አንቺ በስልክ የምታንሾካሽኪውን ሳይቀር ይሰማል። ግን የሳይክል ጎማ ክቡ ብረት፣ ቸርኬው ላይ ሲገባ የመጨረሻዋ ስንዝር አለች። እሷን በማንኪያ እጀታ እገፋለሁ ካልሽ የውስጡን ጎማ ትበሺዋለሽ፤ በአውራ ጣት ነው የምትገባው። እሷን መግፋት ሲያቅተኝ "በቃ ዘይነባ፣ ሥራው አበቃ" አልኩ። መንግሥት ቤት የሠራ ሰው በደብዳቤ ጡረታ ይወጣል። ጎሚስታ ጡረታ የሚያወጣው አውራ ጣቱ ነው።

ሰዉ ግን ጡረታ መውጣቴን አልሰማም። አሁንም በሩን ያንኳኳል። "እማማ ዘይነባ፣ ሳይክል ልገዛ ነው፣ ቀጭን ጎማ ይሻለኛል ወፍራም?" ይላል። አንዱ ለጤናው ነው፣ አንዷ ሥራ ልትመላለስበት ነው፣ አንዱ የታክሲ ሰልፍ አንገሽግሾት ነው። እሽቅድድም የሚሄድ አንድም የለም፤ ሁሉም ግን የእሽቅድድም ጎማ ያምረዋል። በየቀኑ ያንኑ ከምደጋግም አንቺ ጻፊልኝ፣ ለመጣው ሁሉ ታነቢለታለሽ። መልሱ አጭር ነው። መልሱ ጋ እንዴት እንደደረስኩ ነው ረጅሙ።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በውሃ ነው። ከስልጤ አገር ኮልፌ አክስቴ ዘንድ የመጣሁት ገና ጡቴ ሳያጎጠጉጥ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቁጥር ግን ገበያ አስተማረኝ። ከቦኖ ውሃ እየቀዳሁ በየቤቱ አደርስ ነበር። ከደንበኞቼ አንዱ ጋሽ ሸምሱ ነበር፣ አላህ ይዘንለት። ፌርማታው ጎን የቆርቆሮ ጥላ ሥር የሳይክል ጎማ ይሠራል። የተበሳ ጎማ ቀዳዳው የሚታወቀው ውሃ ውስጥ ሲነከርና አረፋ ሲያወጣ ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ሳፋውን የምሞላለት እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ሳፋውን ሞልቼ ወገቤን ሳቃና፣ ያንን ውሃ ውዱእ በሚያደርግበት ማንቆርቆሪያ እየቀዳ ሲሚንቶው ላይ ያፈሳል። ደሜ ፈላ።

"ጋሽ ሸምሱ! ወገቤ እስኪቆረጥ ተሸክሜ ያመጣሁትን መሬት ሊያጠጡት ነው?"

"ነይ፣ ቁሚና እይ፣ አንቺ ቁጡ" አለኝ።

አንድ ቦርጫም ሰውዬ ሳይክል ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ሸምሱ ኮርቻውን ይዞ በእርጥቡ ላይ አሳለፈውና ወደ ደረቁ ሲሚንቶ ገፋው። ጎማው ከኋላው የውሃ መስመር ጥሎ ሄደ።

"ምን ይመስላል?" አለኝ።

"ክር።"

ጎንበስ ብሎ ቫልቮላውን ጫን አደረገ። ንፋሱ ፍስስ አለ። ሰውዬውን እንደገና በውሃው ላይ አሳለፈው።

"አሁንስ?"

"አሁን የነጠላ ጥለት መሰለ።"

"በቃ! ክር ከሆነ ይዘላል። ጥለት ከሆነ መሬት ይይዛል። ነጠላውን ካከለ ደግሞ ይጎተታል።"

ቦርጫሙ ሰውዬ ግን ፊቱ ጠቆረ። "ምን ማለት ነው ይሄ? ለንፋስ ከፈልኩ፣ ንፋሴን መሬት ላይ አፈሰስክብኝ! በአውራ ጣቴ ስጫነው ይገባል እኮ!"

የኮልፌ ሰው ያኔም አሁንም እንዲህ ነው። ለንፋስ ከከፈለ ልክ እንደ ጤፍ ነው የሚያየው፤ ተጠቅጥቆ ካልሞላ የተሰረቀ ይመስለዋል። ጎማውን በአውራ ጣቱ ይጫንና እንደ ድንጋይ ካልጠነከረ ይጣላል። ስለዚህ ጋሽ ሸምሱን ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቂያለሽ? ንፋስ ሌባው! "ጎማ የት አሠራህ?" ሲባል "ንፋስ ሌባው ጋ" ይላል ሰው፤ ተሳድቦ ሲያበቃ ተመልሶ እዚያው ይመጣል። የሱ ጎማ አይበሳማ!

እኔን ያን ቀን ቀጠረኝ። "ከዛሬ ጀምሮ ውሃውን አድርሰሽ አትሂጂ፣ ጥለት የምታውቅ ዓይን ትጠቅመኛለች" አለኝ። አክስቴ "ሴት ልጅ ጎማ?" ብላ ጮኸች። የመጀመሪያውን ደሞዜን ስሰጣት ጩኸቷን ቀነሰች።

እሱ ዘንድ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ሁለት አመል ነበረው፣ ሁለቱንም ልንገርሽ።

አንደኛው ጥያቄው ነው። ሰው መጥቶ "ጎማ ስጠኝ" ሲለው "የትኛውን?" አይልም። "ቤትህ የት ነው?" ይላል። ሰዉ ይገረማል። "ቤቴን ምን ልታደርግ? ዕቁብ ልታስገባኝ ነው?" ይለዋል። ጋሽ ሸምሱ አይስቅም። ከቤት እስከ ሥራ መንገዱን እያንዳንዷን መታጠፊያ ያስቆጥረዋል። አስፋልቱ የት ያበቃል? ኮረት አለ? ቦይ ትሻገራለህ? ቁልቁለቱ ላይ ውሃ ይወርዳል? ከዚያ በኋላ ነው እጁ ጎማ ወደተሰቀለበት የሚሄደው። "ጎማ የሚመረጠው በሳይክሉ አይደለም፣ በመንገዱ ነው" ይል ነበር። የሆነ መንገድ ካላወቀ ደግሞ ማታ ሱቁን ዘግቶ በእግሩ ሄዶ ያያል። አይቼዋለሁ፣ አብሬው ሄጃለሁ።

ሁለተኛው መፋቂያው ነው። ሁሌ ኪሱ ውስጥ የጥርስ መፋቂያ አለች። አዲስ ጎማ ካስገባ በኋላ ያቺን መፋቂያ በጎማውና በሳይክሉ ብረት መሃል፣ በፍሬኑም ሥር ያሳልፋታል። ካለፈች ጎማው ልክ ነው። ካላለፈች የፈለገ ቢያምር ያወጣዋል። ጭቃና ጠጠር የሚያልፍበት ቦታ ከሌለ ጎማው ታንቆ ይቆማል፣ ሰውየው ግን አይቆምም፣ በፊት በኩል ይበራል። መጀመሪያ ጊዜ ሳየው መፋቂያዋ ተመልሳ አፉ ስትገባ ጮህኩ።

"ጋሽ ሸምሱ፣ እሱን ነው ጥርስዎ ላይ የሚያደርጉት?"

"አይ አንቺ ቁጡ! ይሄኛው ጫፍ የኔ ነው፣ ያኛው የሳይክሉ ነው። ተሳስተን አናውቅም።"

በዚያን ጊዜ ኮርሳ የምንላት ሳይክል ገና መግባቷ ነበር። መያዣዋ እንደ በግ ቀንድ የታጠፈ፣ ቀላል፣ ጎማዋ ቀጭን። ጎማው ጎን ላይ ቁጥር አለ፤ ከሁሉ ቀጭኑ ሃያ ሦስት ይላል። ሃያ ሦስቱ የኔን አውራ ጣት ያክላል፣ እንኪ እዪው። ሃያ አምስት ትንሽ ይወፍራል፣ ሃያ ስምንት ከዚያ፣ ሠላሳ ሁለት ደግሞ ከዚያም። ወጣቱ ሁሉ ሃያ ሦስቱን ይል ነበር። ጋሽ ሸምሱ "ይሄ የተሠራው ቤት ለሌለው ሰው ነው" ይላል። "የሚሮጥበትን መንገድ ጠርገው ለሚጠብቁት። አንተን ማን ጠረገልህ?"

ኋላ መንገዱ ሊሰፋ ሆነ፤ የቆርቆሯችን ጥላ ፈረሰች። ጋሽ ሸምሱም ጉልበቱ ደክሞ ነበር፤ ቤቱ ገባ። እኔ ልጆች ነበሩኝ፣ አባትሽም ገና ጡት አልተወም ነበር፣ ቁጭ ማለት አልችልም። አጠና ተራ አካባቢ የጭነት መኪና ጎማ የሚሠራ ደጉ የሚባል ሰው ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው አልነበረም። ጮክ ብሎ ይስቃል፣ ደሞዝ አያሳድርም። ኮምፕሬሰር ነበረው። እኛ በእጅ ፓምፕ ክንዳችን እስኪዝል የምንሞላውን፣ ያ ማሽን ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳትገልጪ ድፍን ያደርገዋል። ደጉ የሚያውቀው የጭነት መኪና ነው። ለሱ ንፋስ ማለት ብዙ ማለት ነው።

አንድ ደንበኛ ላይ ንፋስ ሳወጣ አየኝ።

"ዘይኑ፣ ምን እያረግሽ ነው?"

"ልክ እያስገባሁት ነዋ።"

"ልክ የሚያውቀው የከፈለው ሰው ነው! ሰው የጠየቀውን ስጪው። እዚህ እኔ ጋ ንፋስ ሌባ ምናምን የሚባል ስም እንዳይመጣ።"

ታዲያ ለመድኩ። "ቤትህ የት ነው?" የምትለዋንም ጥያቄ ተውኳት። መኪኖቹ ተሰልፈው እየጠበቁ ማን መንገድ ሲቆጥር ይውላል?

ታደሰ የመጣው ያኔ ነው። ኮልፌ የሚሠራ ወጣት ፀጉር አስተካካይ፣ አስቴርን ካገባ ገና ብዙ አልቆየም። ቤታቸው ሳንሱሲ ነው። ሁለቱም ጴንጤ ናቸው፤ አስቴር መዘምራን ውስጥ ናት፣ ድምጿ ከሩቅ ይለያል። ታደሰ አጠራቅሞ ያገለገለ ኮርሳ ገዝቷል። ሰማያዊ ናት። እንደ ሙሽራ ነው የሚገፋት።

"እትዬ፣ አዲስ ጎማ። ቀጭኑን፣ ከሁሉ ቀጭኑን። ንፋሱን ደግሞ እንደ ድንጋይ አርጊልኝ" አለኝ።

አፌ ላይ መጥታ ነበር ጥያቄዋ። ደጉ ከኋላ "ቶሎ በይ ዘይኑ!" አለ። ሃያ ሦስቱን አስገባሁ፣ በኮምፕሬሰር ሞላሁ። ታደሰ በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ አልገባም። ደስ አለው። "ይሄ ነው ጎማ!" አለና ሄደ።

ዝናብ ነበር ያን ሰሞን። ቤቱ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ወደቀ። የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። ፀጉር አስተካካይ እኮ ነው! የቀኝ እጁ ማለት ሱቁ ማለት ነው።

ወሬው ኮልፌን ሲያዳርስ ወደ ጋሽ ሸምሱ ቤት ሮጥኩ። ፍራሽ ላይ ተቀምጧል፣ ዓይኑም ደክሟል። ነገርኩት። እየነገርኩት አለቀስኩ። ጥፋቱ የማን ነው አላለኝም።

"የት ነው የወደቀ?" አለኝ።

"ሳንሱሲ ነው፣ ከቤቱ በታች።"

"ሄደሽ አየሽው ቦታውን?"

"አላየሁም።"

"ከዘራዬን አቀብዪኝ።"

እንዴት አድርጌ ታክሲ ላይ እንዳወጣሁት! ረዳቱ "ሸህዬ፣ ቀስ ይበሉ፣ ታክሲው አይሄድብዎትም" እያለ ደግፎ አስገባው። ሳንሱሲ ወርደን በድንጋይ የተነጠፈውን መንገድ ይዘን ሄድን። የሰፈሩ ልጆች ቦታውን አሳዩን። የድንጋዩ ንጣፍ ከቦዩ የሲሚንቶ ክዳን ጋ የሚገናኝበት ላይ አንድ ክፍተት አለ፤ መንገዱን ተከትሎ ቀጥ ብሎ የሄደ። ጋሽ ሸምሱ እንደምንም ቁጢጥ አለ። መፋቂያውን አስገባ፣ ገባች። ቀና ብሎ እጄን ሳበኝ፣ አውራ ጣቴን ክፍተቱ ውስጥ ከተተው። ልክክ ብሎ ገባ።

አውራ ጣቴ የገባበት ሃያ ሦስት ይገባል።

ያን ቀን ቀጭኑ ጎማ እዚያ ውስጥ ገብቶ ታንቆ ነው፣ ታደሰ የተወረወረው። በዚያ ላይ እንደ ድንጋይ ስለተነፋ ድንጋዩ ላይ ሲነጥር መጥቷል፤ ፍሬን ሲይዝ ምኑን ይያዝ? ወፈር ያለ ጎማ ቢሆን በላዩ ላይ ያልፍ ነበር። ጋሽ ሸምሱ በከዘራው ተደግፎ ተነሳ።

"ጎማውን ሸጣችሁለት፣ መንገዱን ግን ማንም አላየለትም" አለ። ሌላ አልጨመረም። በታክሲ ስንመለስ ትከሻዬ ላይ ተኛ።

ታደሰን ልጠይቅ ሄድኩ። እጁ በጀሶ ታስሯል። "እትዬ፣ እንደ ድንጋይ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ ምን አረግሽ" አለኝ። አስቴር ግን ዝም አለችኝ። ዝም ያለች ዘማሪ ምን እንደምትከብድ! እጁ ሲድን ጠመም ብሎ ዳነ። መቀሱን በግራ መያዝ ተለማመደ፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የኮልፌ ወንድ ሁሉ ጆሮው ላይ ፕላስተር ነበረው። ኮርሳዋን ሱቁ ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቀላት። ደንበኛ "ታዴ፣ ይቺን አትሸጣትም?" ሲለው "ካወረድኳት ግድግዳው ይወድቃል" ይላል። ይስቃሉ። እሱ ግን ቀና ብሎ አያያትም።

ደጉን ተሰናበትኩ። "ተበሳጨሽብኝ?" አለኝ። "አይ፣ አንተ ለጭነት መኪና ልክ ነህ" አልኩት፤ እውነቴን ነው። በራሴ በር ላይ ሳፋና ፓምፕ አውጥቼ ጀመርኩ። ለፈቃድ ስሄድ ወረዳ ያለችው ልጅ "ባለቤትዎ ናቸው የሚሠሩት?" አለችኝ። "ባለቤቴ ጎማ አይቶ አያውቅም፣ ሹሮ ነው የሚነግድ" አልኳት፤ ስቃ ጻፈችልኝ። ጋሽ ሸምሱ ሲሞት ልጁ መፋቂያ ላከልኝ፣ ከመጨረሻዎቹ አንዷን። እሷን ጥርሴ ላይ አላደረግኳትም። ሁለቱም ጫፏ የሳይክል ሆነ።

በራሴ በር ላይ የሚመጣውን ሁሉ "ቤትህ የት ነው?" አልኩ። ንፋስ ሌባነቱንም ወረስኩ፣ ከነስድቡ። ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ዳቦ የሚያመላልሰው፣ ሁሉም ተሳደበ፣ ሁሉም ተመለሰ። አሁን ደግሞ መንገዱ ተለወጠ። ለሳይክል ብቻ የተሰመረ ለስላሳ መንገድ መጣ። የኮልፌ ጎረምሳ "እማማ፣ አሁንማ ሃያ ሦስት ይበቃል" ይለኛል። እሺ፣ መንገዱ አማረ። ቤትህ ግን መንገዱ ላይ ነው እንዴ? ከመንገዱ ወርደህ እቤትህ የምትደርስበት ኮብልስቶን አለ። ጎማ የምትገዛው ለዚያች ለመጨረሻዋ ቅያስ ነው።

እንግዲህ ጣቶቼ እምቢ ብለው ሳፋውን ከደፋሁ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት አስቴር መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ድምጿ ያው ነው። አንድ ዱባ የሚያክል ጎማ በፌስታል ይዛለች።

"እማማ፣ እግዚአብሔር ያክብርዎት፣ ላስቸግርዎት ነው።"

ታደሰ ስኳር ይዞታል። ሐኪሙ "ተንቀሳቀስ፣ አለበለዚያ እግርህን ታጣለህ" ብሎታል። በእግሩ እንዳይሄድ ጉልበቱ ያመዋል። "ሳይክል ቢነዳ ለጉልበቱም ደህና ነው" ብሏታል። ሳይክል ደግሞ አለ፣ ግድግዳ ላይ።

"ጸለይንለት፣ ለመንነው" አለች። "ሳይክል ስለው እጁን ይይዛል፣ ይቺን የጠመመችዋን። ጭራሽ አይሰማም። መርካቶ ሄጄ ከሁሉ ወፍራሙን ገዛሁለት፣ እንዲያምን። ይሄ እኮ አይወድቅም፣ አይደል?"

ጎማውን ዳበስኩት። ለተራራ የተሠራ ነው፣ ጥርስ ያለው።

"አስቴርዬ፣ ይሄማ ኮርሳዋ ላይ አይገባም። ብረቱን ይፍቃል፣ ፍሬኑ ሥር ይታነቃል። የመጀመሪያው በመቅጠኑ ጣለው፣ ይሄ በመወፈሩ ይጥለዋል።"

ዓይኗ እንባ ሞላ። "ታዲያ ምን ይሻላል?"

ጣቶቼን አየኋቸው። "ሳይክሏን አምጪልኝ" አልኳት። "እሱንም አምጪልኝ። ፀጉር ልታስተካክል ነው የምትሄደው ብለሽ አታልዪው።"

በሳምንቱ አመጣችው፣ አልዋሸችውም። ኮርሳዋን እየገፋ ነው የመጣ፣ አቧራዋን እንኳ ሳይጠርግ። "እማማ፣ ለሷ ብዬ ነው" አለኝ ገና ከበሩ። "አልወጣባትም። ሞክረህ እይ ስላለችኝ ነው።"

"ማን ውጣ አለህ? ቁጭ በል" አልኩት። "ቤትህ የት ነው?"

አፈጠጠብኝ። "እማማ ደግሞ! ቤቴን አያውቁትም?"

"ያኔ አልጠየቅኩህም። አሁን ልጠይቅህ። ከሱቅህ እስከ ቤትህ ንገረኝ።"

ሳቀ፣ ከዚያ ጀመረ። አስፋልቱን፣ ማዞሪያውን፣ ዳገቱን። ቦይ ክዳኑ ጋ ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። "እዚያ ጋ ያቺ ክፍተት አለች" አለ።

"አሁንም አለች። ባለፈው ሳምንት በታክሲ ሄጄ አውራ ጣቴን አስገብቼ አይቻታለሁ።" እውነቴን ነው፣ አስቴር ከመጣች ማግስት ነው የሄድኩት። "አውራ ጣቴ ገባ። አውራ ጣትና ግማሽ ሌባ ጣት ግን አይገባም። ሃያ ስምንት ማለት እሱ ነው።"

ሃያ ስምንት ጎማ ጥንድ ነበረችኝ፣ ሥራ ከማቆሜ በፊት ያስቀረኋት። መጀመሪያ የፊቱን። አሮጌውን ሃያ ሦስት አወጣሁት፤ ጎኑ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰንጥቋል። ቸርኬውን ዳበስኩ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መታ መታ አድርጌ አዳመጥኩ፣ ደህና ናቸው። የውስጡን ጎማ ትንሽ ነፍቼ አስገባሁ፣ ባዶውን ካስገባሽው ይጠማዘዛል። አዲሱን ጎማ በአንድ በኩል አስገባሁ፣ በሌላው በኩል ከቫልቮላው ተቃራኒ ጀምሬ እየጫንኩ መጣሁ። ከዚያ ያቺ የመጨረሻዋ ስንዝር። ገፋሁ። ጣቶቼ እሳት ሆኑ። እምቢ አለች።

"ስጪኝ እስቲ" አለ ታደሰ፣ አንቱታውን ረስቶ። መዳፉን አስገባ፣ ቀኝ እጁን። አንጓው አይታጠፍም፤ መግፋት እንጂ መያዝ አይችልም። ገፋ። ሾልካ ወጣችበት።

"አትያዛት፣ ግፋት ብቻ። እኔ እይዝልሃለሁ" አልኩት።

እኔ በሁለት እጄ ጫፏን አቅፌ ያዝኩ፤ መያዝ ይቻለኛል፣ መግፋት ነው የጠፋብኝ። እሱ በዚያች በጠመመች እጁ ገፋ። ጧ! ብላ ገባች። ሁለታችንም ተያየን። አስቴር "ሃሌሉያ!" ብላ ጮኸች፣ ጎረቤት ሰው የሞተ መስሎት ወጣ።

የኋላው አስቸገረን። መፋቂያዋን ሳሳልፍ ከታች ተያዘች። ታደሰ "በቃ፣ አይሆንም ማለት ነው" አለ፤ ፊቱ ላይ ግን ተገላገልኩ የሚል ደስታ አላየሁም፣ ከፋው። የኋላውን እግር ብሎን ፈታሁ፣ ቸርኬውን ወደ ኋላ ትንሽ ሳብኩት፣ ቀጥ ማለቱን በዓይኔ አይቼ አጠበቅኩት። ካቴናውን አስተካከልኩ። መፋቂያዋን ድጋሚ ሰደድኳት። አለፈች።

ፓምፑን እሱ ነፋ። የኋላውን ጠንከር፣ ሰውነት የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ የፊቱን ለስለስ። ግን ልክ ባለው ነው፤ ለስላሳ ነው ብለሽ ባዶ ካስቀረሽው ድንጋይ ሲመታው ቸርኬው የውስጡን ጎማ ይነክሰዋል፤ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ያወጣል፣ እባብ የነደፈው ይመስላል።

ከዚያ ማንቆርቆሪያዬን አነሳሁና ሲሚንቶው ላይ ውሃ አፈሰስኩ።

"እማማ፣ ምን ሊያረጉ ነው?"

"ውጣባት።"

"አልወጣም አላልኩም?"

"እኔ ኮርቻውን ይዣለሁ። አስቴር መያዣውን ይዛለች። ሁለት ሴቶች ይዘውህ ብትወድቅ፣ በኛ ነው የሚሳቀው።"

ወጣ። እኔ "ቢስሚላህ" አልኩ፣ አስቴር "በኢየሱስ ስም" አለች፣ ገፋነው። በውሃው አለፈ፣ ወደ ደረቁ ሄደ። ጎንበስ ብዬ ዱካውን አየሁ። የፊቱ ጥለት ነው። የኋላው ትንሽ ክር መሰለኝ። "ቁም" አልኩትና ቫልቮላውን ጫን አደረግኩ፤ ፍስስ አለ።

ታደሰ ወዲያው ዞረ። "ኧረ እማማ! ንፋሴን!"

"ዝም በል፣ እንደገና እለፍ።"

በዚህኛው አስቴር ለቀቀች። እኔ አልያዝኩትም ነበር፣ እሱ አላወቀም። ከውሃው ወጥቶ በደረቁ ላይ፣ ከደረቁ በበሩ፣ ከበሩ ኮብልስቶኑ ላይ። ሁለት ጥለት ከኋላው ጣለ። ኮብልስቶኑ ላይ ሲደርስ ትከሻው ኩርምት አለ፣ ሊወድቅ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሰማሁት ግን ጎማው ድንጋዩን ሲረግጥ የሚያሰማው ድምፅ ነው፣ ጡብ ጡብ ጡብ፣ እንደ ለስላሳ ጫማ። ዓይኔን ስገልጥ መታጠፊያው ጋ ደርሷል። ጮኸ፦

"ንፋሴን ሰረቁኝ እኮ እማማ! ሌባ!"

"ነገ ናና ክሰሰኝ!" አልኩት።

አስቴር መሬት ላይ ቁጭ ብላ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፤ የቱ የቱ እንደሆነ አልለየሁም። እኔን ያኔ ዝም ያለችኝ ሴት አንገቴን አቅፋ አልለቅም አለች።

ስለዚህ ፈቲያ፣ ለሚጠይቅ ሁሉ እንዲህ ብለሽ አንብቢለት። መጀመሪያ ቤትህ የት እንደሆነ ንገረን። ከዚያ ሳይክልህ የሚችለውን ወፈር ያለውን ምረጥ፣ መፋቂያ ግን ይለፍ። ንፋሱን በአውራ ጣትህ ሳይሆን በውሃው ዱካ ለካ። ብታምነንም ባታምነንም፣ ትሰድበናለህ፣ ትመለሳለህ።

ሱቁ ግድግዳ ላይ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ታደሰ ኮፍያውን ይሰቅልበታል። ግድግዳው አልወደቀም። ጠዋት ጠዋት በበሬ በኩል ሲያልፍ ደወሉን ይደውላል፣ ከዚያ ባለ በሌለ ድምፁ "ሌባ!" ብሎ ይጮሃል።

ባለፈው ሰሞን ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ልጅ ተደናግጣ መጣች። "እማማ፣ እኔ ለሰው ነገር ጣልቃ መግባት አልወድም፣ ግን አንድ ትልቅ ሰውዬ በየቀኑ በሳይክል እያለፈ 'ሌባ' ይልዎታል። ለፖሊስ እንናገር?"

"ተዪው ልጄ" አልኳት። "የጮኸ ቀን ደህና ነው። የምደነግጠው ያልጮኸ ለት ነው።"